ሰው ሲንጫጫ ድምፃቸውን የሚቀንሱት

እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። በቤታችሁ ንግግር ሲግል፣ ሁለታችሁም እኩል መናገር ስትጀምሩ፣ ድምፁን ቀድሞ ዝቅ የሚያደርገው ማን ነው? ባል ነው ወይስ ሚስት? ብዙዎቻችን መልሱን እያወቅነው ዝም እንላለን። የምናወጋችሁ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ሥራቸው አድርገው ሠላሳ ዓመት ገደማ አብረው ስለቆሙ ባልና ሚስት ነው። የሚገርመው ደግሞ ሥራቸው የሮክ ሙዚቃ መሆኑ ነው።

“ሮክ” የሚለውን ቃል ስታዩ ገጹን ለመግለጥ እጃችሁን አንሥታችሁ ይሆናል። ጥቂት ታገሡን። የምናነሣው አንድ አጭር አልበም ነው፤ ስምንት ሥራዎች፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በቃ። ርእሱ “ክሪስማስ” ነው፤ ገና ማለት ነው። ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 “ሎው” የተባለ የሦስት ሰዎች ባንድ ነው። ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ “ዝቅ ያለ” ማለት ነው።

ከብርድ አገር

አለን ስፓርሃውክና ሚሚ ፓርከር ያደጉት በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ሰሜናዊ ክፍል፣ ክሊርብሩክ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። የሚተዋወቁት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተጋቡ። ኑሯቸውንም በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ባለችው በዱሉዝ ከተማ አደረጉ። ሚኒሶታ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም፤ ስለዚህ የዚያን አገር ክረምት ቢያንስ በስልክ ሰምታችሁታል። በረዶው ወራት ይቆያል፣ ሰውም ቤቱ ይከተታል። የሎው ሙዚቃ ዝግታ ከዚያ ብርድ የወጣ ይመስለናል።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አለን ጊታር ይጫወታል፤ ሚሚ ከበሮ ትመታለች፤ ሁለቱም ይዘምራሉ። ሦስተኛው ሰው ቤዝ ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ሲሆን ይህን ቦታ በየጊዜው የተለያዩ ሰዎች ይዘውታል። የገናው አልበም ሲሠራ ቤዝ ተጫዋቹ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀላቀለው ዛክ ሳሊ ነበር። (ከባልና ሚስት ጋር በአንድ መኪና አገር ላገር መዞር ምን እንደሚመስል እሱን መጠየቅ ነው!) ሚሚ እንደ ሌሎች የሮክ ከበሮ መቺዎች በከበሮ ተከብባ አትቀመጥም። ጥቂት ከበሮና ሲምባል ፊቷ አድርጋ፣ ቆማ፣ ብዙ ጊዜ በዱላ ሳይሆን በብሩሽ ነው የምትመታው።

ያ ዘመን በአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ እጅግ የሚጮኽበት ነበር። ከሲያትል የተነሣው ኃይለኛ ስልት አገሩን ሁሉ ሞልቶት ነበር። እነርሱ ግን በቀልድ መልክ “በጣም ዝግ ብለን፣ በጣም ቀስ ብለን ብንጫወት ሰው ምን ይላል?” በሚል ሐሳብ ጀመሩት። ቀልዱ ሕይወታቸው ሆኖ ቀረ። ይጫወቱ የነበረው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰዉ እያወራ፣ ብርጭቆ እየተጋጨ። ሌላ ባንድ ቢሆን ድምፅ ማጉያውን ከፍ ያደርግ ነበር። እነርሱ ሰዉ በተንጫጫ ቁጥር ጭራሽ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

ባለትዳሮች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ምሳሌ 15፥1ን በቃላችሁ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ጥቅሱን ማወቅና ማታ በስምንት ሰዓት ልጅ እያለቀሰ፣ የቤት ኪራይ አልተከፈለም እየተባለ መፈጸም ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ዜማ ስትሰሙ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሸፍንም። አለን ሲዘምር ሚሚ ከላይ ትገባለች፤ ገብታ ግን አትቀማውም። እሷ ስትመራ እርሱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የመሰለ መደማመጥ በአንድ ሳምንት ልምምድ አይገኝም፤ በልጅነት የተጀመረ ጓደኝነት ይሰማበታል።

መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?

ይህን ጥያቄ ሳታነሡ እንደማታልፉ እናውቃለን። በእኛ ዘንድ “መዝሙር” እና “ዘፈን” በሁለት የተለያዩ በሮች የሚገባባቸው ቤቶች ናቸው። በገላትያ 5፥21 በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን “ዘፋኝነት” ከስካር ጎን ተሰልፎ ስለሚገኝ ብዙ አማኝ ሌላ ሙዚቃ ሲሰማ ልቡ አይረጋጋም። የግሪክኛው ቃል የሚያመለክተው የመጠጥና የፈንጠዝያ ግብዣን ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እንለፈው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው በዚህ አልበም ውስጥ መዝሙሩም ዘፈኑም ያለ አጥር ተደባልቀው ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። ባልና ሚስቱ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ሆነው ነው የኖሩት። ይህ ትምህርት በመሠረታዊ ነገሮች ከወንጌላውያን እምነት እንደሚለይ አንባቢያችን አይስተውም። ስለዚህ አልበሙን ለአምልኮ ጊዜ አንመክራችሁም። ማዳመጥና መመዘን ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለው “ጀስት ላይክ ክሪስማስ” ይባላል፤ ሚሚ ናት የምትመራው። ባንዱ ከስቶክሆልም ወደ ኦስሎ ሲጓዝ በረዶ ስለመጣሉ ያወራል። አንዱ “ልክ እንደ ገና ነው” ሲል ሌላው አይስማማም። በኋላ መንገድ ጠፍቷቸው፣ አልጋው ጠቧቸው፣ ያን ጊዜ ነው በእርግጥ ገና ገና የሚሸታቸው። ስለ ጌታ ልደት አንድ ቃል የለበትም፤ ስለዚህ በእኛ መስፈርት ዘፈን ነው። ይሁን እንጂ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ያሳለፋችሁት ደስ የሚል ጊዜ የትኛው እንደሆነ ብትጠየቁ፣ ሁሉ የተሟላበትን ነው ወይስ መኪናው የተበላሸበትን ቀን የምታነሡት?

ሁለተኛው ሰብአ ሰገል ወደ ሄሮድስ ሳይመለሱ በሌላ መንገድ እንዲሄዱ የታዘዙበትን ታሪክ (ማቴ. 2) ይዞ የሚሄድ ነው። የልደትን ታሪክ በደስታ ብቻ ለምንተርከው ለእኛ የሸሹትን ማስታወሱ ደግ ነው። አራተኛው ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። ለሕፃኑ ለኢየሱስ የተጻፈ ሆኖ፣ ዛሬ ብትወለድ ኖሮ ለማስተማር እንኳ ሳትደርስ በልጅነትህ እንገድልህ ነበር የሚል ሐሳብ አለው። ከአልበሙ የቱ ይበልጣል ብትሉን ይህን እንመርጣለን። የገና ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ግን እውነት ነው። ሄሮድስ በየዘመኑ አለና።

አምስተኛው ኤልቪስ ፕሪስሊ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጫወተው የናፍቆት ዘፈን ነው። ጥሩ ተጫውተውታል፤ ቢቀርም ግን አልበሙ አይጎድልበትም ነበር። ስድስተኛው በመላው ዓለም የሚዘመረው “ሳይለንት ናይት” ነው። ይህ መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1818 በገና ዋዜማ በኦስትሪያ፣ ኦበርንዶርፍ በተባለች መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘመር የነበረው አጃቢ አንድ ጊታር ብቻ ነው። ዮሴፍ ሞህርና ፍራንዝ ግሩበር ሁለት ሆነው ዘመሩት። ሁለት ድምፅና አንድ ጊታር! ዛሬ በትልልቅ ኦርኬስትራ የሚቀርበው መዝሙር ከሦስቱ የዱሉዝ ሰዎች እጅ ሲገባ ወደ ትውልድ ቤቱ የተመለሰ ይመስላል።

ከበሮ ብቻ የነበረው ልጅና ልብስ ሻጩ

ሦስተኛውን ያለፍነው ለብቻው ስለምንፈልገው ነው። “ሊትል ድራመር ቦይ” የተባለውን ይህን የገና መዝሙር ካትሪን ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ለተወለደው ንጉሥ የሚሰጠው ስጦታ ያጣ ድሃ ልጅ ከበሮውን ይመታለታል። ታሪኩ በወንጌል ውስጥ የለም፤ ባለ ሁለቱ ሳንቲም መበለት ግን ታሪኩን ሳታውቀው አትቀርም። ሎው በዝግታ፣ በጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ አድርገው ሠሩት።

አልበሙን ያሳተመው “ክራንኪ” የተባለ አነስተኛ የቺካጎ አሳታሚ ነው። እንዲህ ያሉ ባንዶች “ኢንዲፔንደንት” የሚባሉት ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ስለሚሠሩ ነው። የራሳችሁ ዘማሪ ወዳጅ ካለ ነገሩ ይገባችኋል፦ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ ማንም ግን “ይህን ጨምር፣ ያንን ቀንስ” አይልህም። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2000 “ጋፕ” የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ ይህን ሥራ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያው ወሰደው። ምንም ስለሌለው ልጅ የተዘመረ መዝሙር ልብስ መሸጫ ሆነ።

እናንተ ብትሆኑ ትፈቅዱ ነበር? ቤት ውስጥ ተከራከሩበት። በአንድ በኩል ድሃው ልጅ ተሸጠ ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወልደዋል፤ ወተትና ዳይፐር በዝግታ ዜማ አይገዛም። እኛ ለመፍረድ አንቸኩልም። የገናን ወቅት የንግድ ወቅት ያደረገው ግን ማስታወቂያው ብቻ እንዳልሆነ በታኅሣሥ ወር የየቤታችንን ወጪ ያየ ያውቃል።

ከመድረክ ወዲያ

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለስላሳ አልነበረም። ሕፃኗን ይዘው እየተጓዙ ተጫወቱ፤ ወንድ ልጅም ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 አለን አእምሮው እንደታመመ በግልጽ ለአድማጮቹ አሳውቆ ጉዞው ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ዛክ ሳሊ ባንዱን ለቀቀ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ዓይነቱ ሕመም ስንት ዓመት እንደሚደበቅ፣ ስንቷ ሚስት “ደክሞት ነው” እያለች ለጎረቤት እንደምትናገር ታውቃላችሁ። ጸሎት ሐኪምን አይከለክልም፤ ሐኪምም ጸሎትን። አለን መታመሙን ተናገረ፤ ሥራው ለጊዜው ቆመ፤ ከዚያም ከሚሚ ጋር ቀጠሉ። በአጠቃላይ 13 ሙሉ አልበሞች አወጡ፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው “ሄይ ዋት” ነው።

እርሱ በሚወጣበት ጊዜ ሚሚ ታማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማፍሪያ ካንሰር እንዳለባት ተነገራት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2022 በ55 ዓመቷ አረፈች። ትዳራቸው 32 ዓመት ቆየ። “ሎው” የሚለው ስምም ከእርሷ ጋር አበቃ። አለን ሌላ ከበሮ መቺ ፈልጎ አልቀጠለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በራሱ ስም ያወጣው አልበም ላይ ድምፁ በመሣሪያ ተለውጦ የራሱ እስከማይመስል ድረስ ነው የሚሰማው። የትዳር ጓደኛችሁን በሞት ያጣችሁ ምክንያቱን ከእኛ ይልቅ ታውቁት ይሆናል።

የገናው አልበም ዛሬም ይሸጣል፤ በኢንተርኔትም ይገኛል። ለመስማት ከወሰናችሁ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ ክፈቱት። አምስተኛውን መዝለል የምትፈልጉ ዝለሉት። የመጀመሪያው በደወል ሞቅ ብሎ ስለሚጀምር “ዝግተኞች የተባሉት እነዚህ ናቸው እንዴ?” ትሉ ይሆናል። እስከ ሁለተኛው ጠብቁ።