የተሰወረን ፋይል መፈለግ፣ የተገኘውን መጠበቅ

በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሰነድ ከቢሮ ወደ ኮፒ ቤት፣ ከኮፒ ቤት ወደ ተማሪ እጅ ሲዘዋወር የኖረው በአብዛኛው በፍላሽ ነው። ቫይረስም በዚያው መንገድ ተዛምቷል። በሰፊው የሚታወቀው «ሾርትከት ቫይረስ» ፎልደሮችን ከዕይታ ይሰውርና በስማቸው የተሰየሙ ሾርትከቶችን ይተካል። ሾርትከቱ ሲነካ ፎልደሩ ስለሚከፈት ባለቤቱ ምንም አይጠረጥርም፤ ቫይረሱ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ገብቷል። ፍላሹን ባዶ ነው ብሎ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ተደብቆ የነበረውን ሰነድ በገዛ እጁ ያጠፋል።

መፍትሔው ከዶስ የተወረሰ ነው። ማይክሮሶፍት ለአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ያቀረበው ዶስ የተባለው ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1981 ገበያ ላይ ዋለ። የዛሬው ዊንዶውስ በዶስ ላይ ባይቆምም የትእዛዝ መስኮቱ ብዙዎቹን የዶስ ትእዛዞች ይቀበላል።

ፍለጋው የሚጀመረው በ«ዲር» ነው። ትእዛዙ ላይ «/ኤ» ሲታከል የተደበቁ ፋይሎች ይዘረዘራሉ፤ «/ኤስ» ሲታከል ደግሞ ፍለጋው በውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ያዳርሳል። የስሙ ከፊል ከተረሳ ኮከብ ምልክት ይተካዋል። መሰወሩን የሚያነሣው «አትሪብ» ነው። በፍላሹ ድራይቭ ላይ «አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ» ተብሎ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የተደበቀ፣ የማይጻፍበትና የሲስተም የሚሉት ምልክቶች ይነሣሉ። ይህ ግን ፋይሉን ይገልጣል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም፤ ኮምፒውተሩም ፍላሹም በአንቲቫይረስ ካልጸዱ ፎልደሮቹ ተመልሰው ይሰወራሉ። ትእዛዙ ዊንዶውስ በተጫነበት ድራይቭ ላይ መሰጠት የለበትም።

በፋይሉ ውስጥ ያለን ቃል የሚፈልገው «ፋይንድ» ነው። ለአማርኛ ሰነድ ግን ብዙ አያገለግልም። የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ ቁጥር በሚመድበው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ለሌሎች ምልክቶች በተመደቡ ቁጥሮች ስለሆነ ዛሬ በአማርኛ የሚተየብ ቃል አያገኘውም። አዲሶቹ የዎርድ ፋይሎችም ታምቀው ስለሚቀመጡ ትእዛዙ ይዘታቸውን አያነብም። ስለዚህ ለፋይሉ ቀንና ጉዳይ የያዘ ግልጽ ስም መስጠት ከሁሉ የተሻለ የፍለጋ መሣሪያ ነው።

ጥበቃው ከፍለጋው ይከብዳል። «አትሪብ +አር» ፋይሉን በትእዛዝ መስኮቱ በስሕተት ከመሰረዝ ያግዳል፤ ምልክቱን ግን ማንም ሊያነሣው ይችላል። በአብዛኞቹ ፍላሾች ላይ ያለው «ፋት» የተባለው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት የባለቤትነት ፈቃድ አያውቅም። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ይህን ፈቃድ ቢይዝም ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ አያድንም። የሚያድነው «ኤክስኮፒ» ወይም «ሮቦኮፒ» በሚባሉት ትእዛዞች በሌላ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ቅጂ ነው። «ሮቦኮፒ» ከ«/ኤምአይአር» ጋር ሲሰጥ ግን በምንጩ የሌለውን ከቅጂው ስለሚሰርዝ ጥንቃቄ ይሻል።

ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታም የጥበቃው አካል ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ቤትና ንብረት በጎርፍ ተወስዷል። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ዋናና ቅጂ ሰነዶች እንዲህ ባለ አደጋ አብረው ይጠፋሉ። በመሆኑም ቢያንስ አንድ ቅጂ ከጎርፍ መንገድ በራቀ ሌላ ሕንፃ ሊቀመጥ፣ በየጊዜውም ተከፍቶ መነበቡ ሊረጋገጥ ይገባል።