አራት ድምፅ ማጉያ በአንድ አምፕሊፋየር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ሰዎች መረዳዳት የተነገረ ቢሆንም፣ ለኤሌክትሪክ ሥራም የሚስማማ መሆኑን በናይሮቢ ከተማ፣ በኪሊማኒ ሰፈር በተደረገ አንድ የሠርግ ግብዣ ላይ ተረድተናል።

ኪሊማኒ ከናይሮቢ መካከል በስተ ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «ከኮረብታው ላይ» ማለት ነው። በሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበታል፤ የአገራችን ምግብ የሚቀርብባቸው ቤቶችም ይገኙበታል። በግብዣው ዕለት እንግዶቹ ከሳሎኑ አልፈው በድንኳንና በጓሮ ስለ ተቀመጡ፣ ባለቤቶቹ ለሁሉም ይሰማ ዘንድ አራት ድምፅ ማጉያዎችን ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር አያያዙ። የሙሽራዪቱ እናት በሕመም ምክንያት ከጎንደር ለመምጣት ስላልቻሉ፣ ምርቃታቸው በስልክ እንዲሰማ ታስቦ ነበር። ዘፈኑ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ እኒህ እናት «ልጆቼ» ብለው ንግግራቸውን እንደ ጀመሩ ድምፁ ድንገት ተቋረጠ። አምፕሊፋየሩ እጅ እስኪያቃጥል ግሎ፣ የአደጋ ምልክቱ መብራት በርቶ ነበር።

የዚህ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። በድምፅ ማጉያ ጀርባ «8 ኦም» ወይም «4 ኦም» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ኦም ማለት አንድ ዕቃ የኮረንቲን መተላለፍ ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት መስፈርት ነው፤ ስሙም የተወሰደው ይህን ሕግ በ1827 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በመጽሐፍ ካወጣው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው። የኦሙ ቁጥር ባነሰ መጠን ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ኮረንቲ ይበዛል።

ድምፅ ማጉያዎችን ለማያያዝ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ተከታታይ አያያዝ ይባላል። ኮረንቲው በአንድ ክር እንደ ተሰካ መቁጠሪያ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ኦሞቹም ይደመራሉ። ባለ 8 ኦም የሆኑ አራት ድምፅ ማጉያዎች በዚህ አኳኋን 32 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ አይደክምም፤ ነገር ግን ድምፁ ያንሳል፤ የአንዱም ሽቦ ቢበጠስ ሁሉም ጸጥ ይላሉ።

ሁለተኛው ትይዩ አያያዝ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ስለሚቀዳ፣ 8 ኦም ለአራት ተካፍሎ 2 ኦም ይሆናል። ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው 24 ቮልት ቢሆን፣ አንዱ ብቻ ሲያያዝ 3 አምፔር፣ አራቱ ሲያያዙ ግን 12 አምፔር ይሳባል።

በኪሊማኒ የተደረገው ይኸው ነበር። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከ4 ኦም በታች እንዳይያያዝ ተጽፎ ሳለ ያነበበው ሰው አልነበረም። ድምፅ ማጉያ በበዛ ቁጥር ሥራው የሚቀልል ይመስላል፤ በትይዩ ሲሆን ግን የሎሚው ሸክም ሁሉ በአንዱ አምፕሊፋየር ላይ ይወድቃል።

ከእንግዶቹ መካከል ሙያውን የሚያውቅ አንድ ወጣት ተነሥቶ አምፕሊፋየሩን አጠፋው። ከዚያም ሁለቱን ሁለቱን በተከታታይ አያይዞ፣ ሁለቱን ጥንዶች ደግሞ በትይዩ አጋጠማቸው። እያንዳንዱ ጥንድ 16 ኦም፣ ሁለቱ ጥንዶች በአንድነት 8 ኦም ሆኑ። ስለዚህ አራቱ ድምፅ ማጉያዎች ከአንዱ የበለጠ ሸክም አልሆኑም።

ይህን ሥራ በቤታቸው ለሚሠሩ ሁሉ የምንመክረው እንደሚከተለው ነው። ገመድ ከመነካቱ በፊት አምፕሊፋየሩ ይጥፋ። ድምፅ ማጉያዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። በትይዩ ሲያያዙ የመደመር ምልክት ከመደመር ጋር፣ በተከታታይ ሲያያዙ ግን የአንዱ መቀነስ ከሌላው መደመር ጋር ይገናኝ፤ ይህ ከተዘበራረቀ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ገመዱ ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ወፍራም ይመረጥ። ድምፅ ማጉያን በየአድማጩ አጠገብ ማስቀመጥ ጥቅሙ ሳይጮኹ ለመሰማት መሆኑም አይዘንጋ፤ ኬንያም ከ2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ጩኸትን የሚከለክል ደንብ አላት።

አምፕሊፋየሩ ቀዝቅዞ እንደገና ሲከፈት ወደ ጎንደር ተደወለ። እናቲቱም «ቅድም አልሰማችሁኝም እንዴ?» ብለው ጠይቀው፣ ምርቃታቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። በጓሮ ወጥ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ «አሜን» ሲሉ ሰማን።