የቡና ተሸካሚዎችን ስለሚጐዳው የወገብ ሕመም

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ጆንያ የሚያነሣ ሠራተኛ አንዳንድ ጊዜ «ወገቤ ተቈረጠ» ብሎ ይቀመጣል፤ ነገር ግን የተቈረጠ አጥንት ላይኖር ይችላል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የተቀመጠ ለስላሳ አካል አለ፤ ዘመን ያደከመው እንደ ሆነ በሸክም ጊዜ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነርቭን ይጫናል፤ ሕመሙም እስከ እግር ይወርዳል።

አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። ተኝቶ መክረም ግን ይጐዳል፤ በዝግታ መራመድ ይበጃል። ወጌሻ ወገቡን ይርገጠው ማለትም አደገኛ ነው። ሽንቱን መቈጣጠር ያቃተው ወይም እግሩ የሰነፈበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ወደ ውጭ አገር የሚላከው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ግን በ1959 ዓ.ም. አንድ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የበለጠ እንደ ሆነ በቶሎ እንዲቀነስ መክሯል። ስለዚህ ሹማምንትና የመጋዘን ጌቶች ጆንያውን ሁለት ሰው እንዲያነሣው፣ ወይም በጋሪ እንዲገፋ ማዘዝ ይገባቸዋል።