ያውቁ ኖሯል? «ማጣት» እና «ኃጢአት» ሥራቸው አንድ ነው

በግእዝ «ኀጥአ» ሁለት ነገር ይናገራል፤ አጣ፣ ፈልጎ ሳያገኝ ቀረ፤ ደግሞም በደለ። ከፊተኛው ፍቺ የአማርኛው «አጣ» እና «እጦት» ወጡ፣ ከኋለኛው «ኃጢአት»። ሥራቸው አንድ ቢሆንም ያጣ ሰው በደለኛ ነው ማለት ከቶ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

«ነዳይ»ም የግእዝ ቃል ነው፣ ድሃ ማለት። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚሰጡት «ቁራሽ» ይባላል፣ «ቆረሰ» ከሚለው ግስ። ከእስቴ እስከ ስማዳ ያለች እናት ለልጆቿ ካሰበችው እንጀራ ላይ ቆርሳ ነው የምትሰጠው፤ ቃሉ ራሱ ይህን ይመሰክራል።

«ምስኪን» ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነው። በጥንታዊው የባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ «ሙሽኬኑም» ከነጻው ባላባት ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ቃሉ በአራማይክ አልፎ ግእዝና ዐረብኛ ገባ፤ ከዐረብኛም ጣሊያንኛ «መስኪኖ» ብሎ ወሰደው።

«ድሃ አደግ» ሲባል ወላጅ አልባ ልጅ ማለት ነው። ቋንቋችን ወላጅ ማጣትን ከድህነት ቆጥሮታል።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ «ሴፍቲኔት»፣ ማለትም የምግብ ዋስትና ድጋፍ፣ የገበሬው የዕለት ቃል ሆኗል። ከድጋፉ ራሱን ችሎ የወጣ «ተመረቀ» ይባላል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ የምንለውም ይህንኑ ግስ ነው።