በመገጭ ወንዝ አፍ የነጭ ዓሣን መራቢያ ስለ መጠበቅ

በአዘዞ በኩል የሚወርደው መገጭ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ወደ መገጭና መሰል ገባሮች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ መረብ ከተዘረጋ የሚያዘው እናቲቱ ከነእንቁላሏ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የነጭ ዓሣ ብዛት 75 በመቶ ያህል መቀነሱ በጥናት ታይቷል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የአስጋሪ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን፦

1ኛ/ ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዝ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ በጉባኤ ይወሰን፤

2ኛ/ ብርብራ ወንዝ ውስጥ አይበተን፤ መርዙ ጫጩቱንም ይፈጃል፤

3ኛ/ ከመራቢያው ሥፍራ ጠጠርና አሸዋ አይዛቅ፤

4ኛ/ እምቦጭ ሳያብብ ተነቅሎ፣ ከውኃው ርቆና ደርቆ ይቃጠል።

ማኅበሩ በእነዚህ ወራት ሐይቁ ውስጥ የሚራባውን ቆሮሶ በማስገር ገበያውን ሊቀጥል ይችላል።