ወደ ባህር የሚፈሰው ቅዝቃዜ፦ ስለ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ተረትና እውነታ

ጃፓን ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ የተፈጥሮ ጋዝ በፈሳሽ መልክ በመርከብ ታስገባለች። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ የቀዘቀዘ ነው። ወደብ ሲደርስ ተመልሶ ጋዝ እንዲሆን መሞቅ አለበት፤ በብዙ ወደቦች የሚያሞቀው የባህር ውሃ ነው። ውሃው ጋዙ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ላይ ይወርድና ቀዝቅዞ ወደ ባህሩ ይመለሳል። አብሮት የሚሄደው ቅዝቃዜ ግን ጋዙ በተጫነበት አገር ብዙ ኃይል የፈሰሰበት ነው። ይህን ቅዝቃዜ ይዞ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይቻላል። ነገሩን የሚያደናግሩት በዙሪያው የሚነገሩት ተረቶች ናቸው።

ተረት 1፦ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ለቤታችን በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝ ነው።

እውነታ፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሲሊንደሩ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በክፍል ሙቀት ግፊት ብቻ ፈሳሽ ያደርገዋል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በክፍል ሙቀት ምንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም፤ የግድ መቀዝቀዝ አለበት። ሲቀዘቅዝ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ስለሚቀንስ በመርከብ ለመጫን ይመቻል። ከዚያ በኋላ የሚቀመጠው ያለ ከፍተኛ ግፊት፣ እንደ ፔርሙዝ ሙቀት በማያስገባ ታንክ ውስጥ ነው። ትልቅ ምድጃ ለረጅም ሰዓት ሲነድ ሲሊንደሩ ቀዝቅዞ ሲያልበው ያየ ሰው ዋናውን ነገር አይቷል፦ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። ወደቡ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠንና የቅዝቃዜው ብርታት ነው።

ተረት 2፦ ኤሌክትሪክ የሚወጣው ከሙቀት ነው፤ ከቅዝቃዜ ምን ይገኛል?

እውነታ፦ ተርባይን የሚያዞረው የሙቀት ልዩነት ነው። ፏፏቴን እናስብ፦ ውሃው ጉልበት የሚኖረው ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ከፍታ ስላለ ነው። እዚህ ላይ 15 ዲግሪ ያለው ባህር የገደሉ አናት፣ ቀዝቃዛው ጋዝ ደግሞ የገደሉ ሥር ነው። በመካከላቸው ፕሮፔን በዝግ ቧንቧ ይዘዋወራል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ለእሱ የባህር ውሃ እንደ እሳት ነው፤ ይተንና ተርባይኑን ያዞራል። ቀጥሎ ቀዝቃዛው ጋዝ ካለበት ቱቦ ጋር ሲገናኝ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ ፓምፕ ይመልሰዋል። ለዚህ የሚቃጠል ነዳጅ የለም። ኦሳካ ጋዝ የተባለው ኩባንያ በእ.ኤ.አ. 1979 ሴንቦኩ በተባለው ወደቡ በዚህ መንገድ 1,450 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ አስጀምሯል።

ተረት 3፦ ታዲያ በዚህ ከተማ ሙሉ ማብራት ይቻላል።

እውነታ፦ ቁጥሩ ይህን አይፈቅድም። አንድ ኪሎ ፈሳሽ ጋዝ ሞቆ ወደ አካባቢው ሙቀት እስኪመለስ 830 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ይህም ሁለት ኪሎ የሚሆን የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ ወደ በረዶ ለመለወጥ ይበቃል። ያው ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ግን 50,000 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። ቅዝቃዜው ከዚህ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም፤ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ደግሞ ከፊሉ ይባክናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ቅዝቃዜውን በቅዝቃዜነቱ መጠቀም ነው። በጃፓን ወደቦች አየርን ወደ ፈሳሽ ኦክስጅንና ናይትሮጅን የሚለዩ ፋብሪካዎችና ምግብ የሚያቀዘቅዙ መጋዘኖች ይጠቀሙበታል። እነዚህ ለማቀዝቀዣ ሊጠቀሙበት የነበረው ኤሌክትሪክ ይተርፋል።

ተረት 4፦ ቅዝቃዜውን ለማከማቸት ጋዙን ታንክ ውስጥ ማቆየት ይበቃል።

እውነታ፦ ቅዝቃዜው የሚገኘው ጋዙ ሲላክ ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚላክ የሚወስነው ደግሞ የጋዝ ተጠቃሚው ፍላጎት ነው። ኤሌክትሪክ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ከዚያ ጋር ላይገጥም ይችላል። በታንክ የቆየ ጋዝም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይተናል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ወደ ሌላ ነገር መዛወር አለበት። ተስፋ ከሚጣልባቸው አንዱ ፈሳሽ አየር ነው። ኤሌክትሪክ ሲተርፍ አየር ተጨምቆና ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ሲያስፈልግ በፓምፕ ግፊቱ ጨምሮ ይሞቃል፣ ሲስፋፋም ተርባይን ያዞራል። በእንግሊዝ ቤሪ ከተማ አጠገብ በእ.ኤ.አ. 2018 ሥራ የጀመረው ጣቢያ ያለ ፈሳሽ ጋዝ እገዛ 5 ሜጋዋት የማመንጨትና 15 ሜጋዋት ሰዓት የማከማቸት አቅም ነበረው። የዚህ ዘዴ ትልቁ ወጪ ማቀዝቀዙ ነው፤ የጋዙ ቅዝቃዜ የሚያግዘውም እዚያ ላይ ነው። ሆኖም አየር በተለመደው ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 194 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 162 ዲግሪው ብቻውን አይበቃም፤ አየሩ አስቀድሞ መጨመቅ አለበት። ጋዝና ኦክስጅን ያለው አየር ቢቀላቀሉ አደጋ ስለሚያስከትሉም ቅዝቃዜውን በመካከል የሚያሻግር እንደ ናይትሮጅን ያለ ነገር ያስፈልጋል።

ተረት 5፦ ቅዝቃዜው ጥቅም ላይ ከዋለ ጋዙ ንጹሕ ኃይል ይሆናል።

እውነታ፦ አይሆንም። ጋዙ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴንም የአየር ንብረትን በብርቱ ያሞቃል። ቅዝቃዜውን መያዝ ብክነት ይቀንሳል፤ ወደ ባህር የሚለቀቀውን ቀዝቃዛ ውሃም ያሳንሳል። የጋዙን ጉዳት ግን አይሰርዝም።

ነገሩ እኛንም መንካት ጀምሯል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመርቋል። ፈሳሹ በመኪና ተጭኖ ፋብሪካ ደጃፍ ቢደርስ ቅዝቃዜውም አብሮት ይደርሳል። እንዲህ ባለ አነስተኛ ቦታ ላይ ተርባይን መትከል አያዋጣ ይሆናል፤ አትክልትና ሥጋ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ግን ሊጠቀምበት ይችላል። ቅዝቃዜ ሩቅ መንገድ አይወድም፤ በቧንቧ ብዙ ሲጓዝ ይሞቃል። ስለዚህ የጋዝ ማሞቂያው ቦታ ሲመረጥ፣ ገና ግንባታው ሳይጀመር፣ ከአጠገቡ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ምን እንደሚተከል መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ከግንባታው በኋላ ከመጣ፣ ያን ያህል ኃይል የፈሰሰበት ቅዝቃዜ ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል።