«ንካው!»… ግን እስከ የት?

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ «ሾፌር፣ ንካው እንጂ!» ብላችሁ የማታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። የፍጥነት ፍቅር የወጣትነት በሽታ ነው ይባላል። ሽበት ያበቀሉ ሚሊየነሮችም ግን ከዚሁ በሽታ አልዳኑም። በቅድሚያ ስለ እነሱ መኪኖች ላውጋችሁና ወደ ሊማሊሞ እወስዳችኋለሁ።

በፈረንጆች 1998 ማክላረን ኤፍ 1 በ627 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር በረረች። በ2005 ቡጋቲ ቬይሮን 1,001 የፈረስ ጉልበት ይዛ ከች አለች። ስንት ሮጠች? 407! አስቡት እንግዲህ፤ ከ370 በላይ ፈረስ ተጨምሮ የተገኘው 21 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዋናው ጠላት ንፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ንፋሱን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል።

በ2019 ለዚሁ ተብላ የተዘጋጀች ቡጋቲ ሺሮን ጀርመን ውስጥ 490 ገባች። በአንዲት ሴኮንድ 136 ሜትር፣ ማለትም ከኳስ ሜዳ በላይ! ጎማዎቿ ከመገጠማቸው በፊት እንደ በሽተኛ ራጅ ተነስተዋል። የሮጠችበት ቀጥ ያለ የሙከራ ጎዳና ብቻ ከ8 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ2025 ደግሞ ያንግዋንግ ዩ 9 የተባለች የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና 496 ገብታ በለጠቻት።

እስቲ እነዚህን ጉዶች ወደ ስሜን እናምጣቸው። ዳባትን አልፈን፣ ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ስንወጣ ቡይት ራስ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪኳ አየር አትተነፍስምና ግድ የላትም። ንፋሱም ስለሚሳሳ ለፍጥነት የተመቸ ይመስላል። መንገዱስ? ከደባርቅ ወደ ሽሬ አቅጣጫ ወጣ እንዳላችሁ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው ሊማሊሞ ይጠብቃችኋል። ኩርባ በኩርባ፣ ገደል በገደል!

ደባርቅ ላይ ሻይ እየጠጣሁ አንድ አንጋፋ የጭነት መኪና ሾፌርን፣ «ጋሼ፣ ሊማሊሞን በስንት ይወርዱታል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ወንድምዓለም፣ እዚህ ሪከርድ ማለት ዛሪማ በሰላም መግባት ነው። ቁልቁለቱ በከባድ ማርሽ ነው የሚወረድ። ፍሬን ላይ የተኛ ሾፌር፣ ፍሬኑ ይግልና እምቢ ይለዋል።»

እውነታቸውን ነው። ከ40 ወደ 80 ስትጨምሩ ፍሬኑ ማስቆም ያለበት ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከሊማሊሞ ገደል ግን የሚለቀም ነገር የለም።

ፈረንጆቹ ሪከርድ ሲሰብሩ መንገዱ ዝግ ነው፤ ሾፌሩም የሚያሲዘው የራሱን ነፍስ ነው። እኛ ሚኒባስ ውስጥ ግን ልጅ ያቀፈች እናት አለች። ከኩርባው ወዲያ በግ የሚነዳ እረኛ አለ።

ብዙ ወጣቶች ሾፌሩ ሲበር ልባቸው እየመታ «ፈሪ እንዳልባል» ብለው ዝም እንደሚሉ አጫውተውኛል። ኧረ ተናገሩ! በትህትና፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በልልን» በሉት። ያኔ ከኋላ በፍርሃት አፋቸውን ዘግተው የተቀመጡት ሁሉ ድምፃቸውን ያገኛሉ።